ለንግድ ጉዳይ ጠበቃ ወይም የጥብቅና ድርጅት እንዴት ይያዛል? ለአዳማ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

አንድ ነጋዴ ጠበቃ ፍለጋ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጥሪያ ከደረሰው፣ ባንክ የሐራጅ ማስጠንቀቂያ ከላከለት ወይም የግብር ውሳኔ እጁ ከገባ በኋላ ነው። በዚያ ጥድፊያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ጎበዝ ጠበቃ ማን አለ?» የሚል ይሆናል፤ መልሱም ከዘመድ፣ ከደላላ ወይም ፍርድ ቤት በር ላይ ከተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ይመጣል። ለቤተሰብ ክርክር የተመሰገነው ጠበቃ የጉምሩክ ክርክር ይሰጠዋል፣ ፈቃዱም በሚፈለገው ችሎት የማያስቆመው ሆኖ ይገኛል፣ ቀኑም በመሃል ያልፋል። የሚከተሉት ደረጃዎች ይህንን ለማስቀረት በተራ የተቀመጡ ናቸው፤ ተራውን አያዛቡ።

ደረጃ 1፦ ከሁሉ አስቀድመው ቀኑን ይቁጠሩ

የደረሰዎትን ወረቀት የተቀበሉበትን ቀን ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ፣ ፖስታውንም አይጣሉ። ከዚያ በኋላ ከሚከተሉት የትኛው እንደሚመለከትዎት ይለዩ።

• የግብር ውሳኔ፦ በፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ግብር የሚከፍሉት ለክልሉ ከሆነ ውሳኔው የጠቀሰውን ሕግ አንብበው በዚያ ይቁጠሩ።

• የፍርድ ቤት ውሳኔ፦ በፍትሐ ብሔር ጉዳይ ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን፣ በሥራ ክርክር ግን በ30 ቀን ውስጥ ነው። የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት አለበት ተብሎ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚቀርብ አቤቱታ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት 90 ቀን አለው።

• በሌሉበት የታየ ጉዳይ፦ መጥሪያ ሳይደርስዎ ውሳኔ ተሰጥቶ ከሆነ፣ መኖሩን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣ ማመልከት ይችላሉ።

• የባንክ መያዣ፦ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል፤ አስቀድሞ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ የ30 ቀን ነው። ብዙ ሰው ይህን ደብዳቤ እንደ ተራ ማስታወሻ ቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል።

የቀረዎት ጊዜ ከአንድ ሳምንት በታች ከሆነ ጠበቃ ማወዳደሩን ይተዉ። አግባብ ያለው ፈቃድ ያለው አንድ ጠበቃ ለዚያች አንዲት ጽሑፍ ብቻ በአጭር ውል ይያዙ፤ የቀረውን ሥራ ለማን እንደሚሰጡ በኋላ ይወስናሉ። ቀኑ አልፎ ከሆነም ተስፋ ቆርጠው አይቀመጡ፤ በሕመም፣ በመንገድ መዘጋት ወይም በሌላ በቂ ምክንያት ማስፈቀድ የሚቻልባቸው ጉዳዮች ስላሉ የምክንያቱን ማስረጃ ይዘው ይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ሰነዱን ያሰናዱ

ጠበቃ ፊት ባዶ እጅ ቀርቦ ታሪክ መተረክ የሁለቱንም ጊዜ ያቃጥላል። ነገሩን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በአንድ ገጽ ይጻፉ፦ ምን ቀን፣ ማን፣ ምን አደረገ፣ የትኛው ወረቀት ያስረዳል። ስሜትዎንና ግምትዎን ከገጹ ያውጡ።

ከዚያ እነዚህን በአንድ አቃፊ ይሰብስቡ፦ የንግድ ምዝገባና የንግድ ፈቃድ፣ ማኅበር ከሆነ መመሥረቻ ጽሑፍና ቃለ ጉባኤዎች፣ ውሉና ማሻሻያዎቹ፣ ደረሰኞች፣ የባንክ ዝውውር ማስረጃ፣ ቼክ ካለ የተመለሰበት የባንክ ማረጋገጫ፣ የተለዋወጣችሁት ደብዳቤና የስልክ መልእክት። የሚጎዳዎትን ወረቀትም ያካትቱ። ተከራካሪዎ ያንን ወረቀት ይዞ እንደሚቀርብ ይቁጠሩት፤ ጠበቃዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ላይ ሊያየው አይገባም።

የሰነድ ማስረጃ የሚዘረዘረው ከክስ ማመልከቻው ወይም ከመከላከያ መልሱ ጋር ነው። በኋላ «ረስቼው ነበር» ተብሎ የሚመጣ ወረቀት ተቀባይነት እንዲያገኝ ምክንያት ማቅረብን ስለሚጠይቅ፣ ፍለጋውን አሁን ይጨርሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዋና ሰነድ ለማንም ሲሰጡ የተረከበውን ሰው ፊርማ፣ ቀንና የሰነዱን ዝርዝር የያዘ ወረቀት ይቀበሉ። አለዚያ ግን ኮፒ ብቻ ይስጡ።

ውሉ ጠፍቶ ከሆነ፦ ተረጋግጦ የተመዘገበ ውል ከሆነ በተለምዶ ውልና ማስረጃ በምንለው የሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ቅጂ ይቀራል፤ ከዚያ ይጠይቁ። ያልተመዘገበ ከሆነ የባንክ መግለጫ፣ የዕቃ ማስረከቢያና ምስክሮች ይዘርዝሩ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ከሆነ ግን ለጠበቃዎ ወዲያውኑ ይንገሩት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 እንዲህ ያለ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚያዝ፣ ጥያቄው ከማስረጃነት አልፎ ውል አለ ወይ ወደሚለው ይዞራል።

ደረጃ 3፦ ጉዳይዎ በየትኛው ዘርፍ እንደሚወድቅ ይሰይሙ

የጥብቅና ድርጅቶች ሥራቸውን በዘርፍ ይከፍላሉ፤ ዝርዝሩ ሲነበብ ግን ሁሉም ሁሉን የሚሠራ ይመስላል። ዘርፉን አስቀድሞ ራሱ ባለጉዳዩ ከሰየመው የሚጠይቀውን ያውቃል። አዳማ ላይ በብዛት የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ማኅበር ማቋቋምና የአባላት ክርክር። መነሻው የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 ነው። ይህ ሕግ የ1952ቱን የንግድ ሕግ አብዛኛውን ክፍል ተክቷል፤ ባለአንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርንም ያመጣ እርሱ ነው። በአሮጌው ሕግ የተጻፈ መመሥረቻ ጽሑፍ ካለዎት ጠበቃው ከአዲሱ ጋር አነጻጽሮ እንዲያየው ይጠይቁ።

ጉምሩክና ጭነት። ከተማችን በጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብም አጠገባችን ስለሆነ በመንገድ የጎደለ ጭነት፣ የዘገየ ርክክብና የቀረጥ ዋጋ ክርክር የዘወትር ነገር ነው። እነዚህን አንድ ላይ አይጨፍልቁ። ከአጓጓዡ ጋር ያለዎት ክርክር የውል ክርክር ነው፤ ከጉምሩክ ጋር ያለዎት ግን በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 የሚገዛ የራሱ የአቤቱታ መንገድ አለው። ኢንሹራንስ ካለ ሦስተኛ ውል ይጨመራል፣ ለኢንሹራንሱ የሚሰጠው ማስታወቂያም የራሱ ቀን አለው።

ግብር። ከሒሳብ ባለሙያዎ ጋር አብሮ መሥራት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ቅሬታዎ ካልተሳካ ቀጥሎ ያለው ይግባኝ ከክርክሩ ገንዘብ ከፊሉን አስቀድሞ ማስያዝን ስለሚጠይቅ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ገንዘቡን ያስቡበት።

ሠራተኛና አሠሪ። ሆቴልና ፋብሪካ ያላቸው ሰዎች ይህን ሳይንቁት ቢያነቡ ይሻላል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ ለመጠየቅ 3 ወር አለው። ጠበቃ የሚፈለገው የስንብት ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ነው፤ ደብዳቤው አንዴ ከወጣ በኋላ ጠበቃው የሚከላከለው እዚያ ላይ የተጻፈውን ምክንያት ብቻ ነው።

የንግድ ምልክት። የንግድ ስም የሚመዘገበው ንግድ መዝገብ ላይ ነው፤ የንግድ ምልክት ግን በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይመዘገባል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። «ስሙን አስመዝግቤያለሁ» የሚል የሆቴል ባለቤት የትኛውን እንዳስመዘገበ ወረቀቱን አውጥቶ ይይ።

ቦታ፣ ሊዝ፣ ግንባታ፣ የባንክ ብድርና የመክሠር ጉዳይም የየራሳቸው ዘርፍ ናቸው። የእርስዎ ጉዳይ ሁለት ዘርፍ ከነካ ሁለቱንም ይጻፉ።

ከመሰየምዎ በፊት አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ውልዎ ውስጥ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ፣ ማለትም ክርክር ቢነሣ ተዋዋዮቹ የመረጧቸው ዳኞች ያዩታል የሚል አንቀጽ፣ አለ? ካለ ጉዳዩ የሚጀምረው ከፍርድ ቤት ሳይሆን በአዋጅ ቁጥር 1237/2013 ከሚመራው የግልግል ጉባኤ ሊሆን ይችላል። ውሉን የፈረሙ ሰዎች ይህን አንቀጽ ብዙ ጊዜ አያስታውሱትም፤ መጨረሻ ገጽ አካባቢ ይፈልጉት።

ደረጃ 4፦ ፍርድ ቤቱን፣ ቋንቋውንና ፈቃዱን ያዛምዱ

አዳማ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለው ያንብቡ።

የጥብቅና ፈቃድ አንድ ዓይነት አይደለም። የፌዴራል ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ሲሆን፣ በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች በክልል ጉዳይ ለመቆም ደግሞ በክልሉ ሕግ የተሰጠ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሁለቱንም የያዙ ጠበቆች አሉ፤ አንዱን ብቻ የያዙም አሉ።

ጉዳዩ የክልል ነው ወይስ የፌዴራል የሚለው የሚወሰነው ፍርድ ቤቱ በቆመበት ከተማ ብቻ አይደለም። በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣ ክርክርና የውጭ ዜጋ ተከራካሪ የሆነበት ጉዳይ የፌዴራል ጉዳዮች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ ፈቅዷል። ስለዚህ የአዳማው መለዋወጫ ነጋዴ የአዲስ አበባውን አስመጪ ሲከስ ጉዳዩ የፌዴራል ይሆናል፤ የአዳማውን ጎረቤቱን ሲከስ የክልል ይሆናል። ይግባኙም የሚሄድበት መንገድ በዚሁ ይለያያል። በተሳሳተ ፍርድ ቤት የተከፈተ ክስ «ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለውም» የሚል መቃወሚያ ይነሣበትና ወራት ከተበሉ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል።

ቋንቋውን በተመለከተ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ፣ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ ደግሞ አማርኛ ነው። ውሉና ደረሰኙ በአማርኛ የተጻፈ ነጋዴ በክልል ችሎት ሲከራከር ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ጠበቃውም በአፋን ኦሮሞ መጻፍና መከራከር የሚችል መሆን አለበት። መናገር መቻልና የሕግ አቤቱታ መጻፍ መቻል የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ በቋንቋው ያዘጋጃቸውን ሥራዎች ብዛት ይጠይቁት። የክልሉ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ሥልጣን ደርቦ የሚያየው ጉዳይ ከሆነ በየትኛው ቋንቋ እንደሚስተናገድ ከሬጅስትራር (ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት) ያረጋግጡ።

እንዲህ ያድርጉ፦ የጠበቃውን ፈቃድ በዓይንዎ ይዩ፣ የማን ፈቃድ እንደሆነ፣ የታደሰበትን ቀንና የሚፈቅደውን የፍርድ ቤት ደረጃ ይመዝግቡ። ፈቃዱን ለማሳየት ቅር የሚለው ጠበቃ ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡ።

ከአዲስ አበባ ጠበቃ ማምጣት ይሻላል ወይ? ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የንግድ ምልክት፣ የፌዴራል ግብር ይግባኝና የሰበር አቤቱታ ሥራው ያለው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ ያለ ጠበቃ ይቀላል። አዳማ ችሎት ለሚታይ ጉዳይ ግን በእኔ አስተያየት የአዳማውን መያዝ ይሻላል፤ የፍጥነት መንገዱ ጊዜውን ቢያሳጥርም፣ ዳኛ ባልተሟላበት ቀን ለተለዋጭ ቀጠሮ ብቻ የመጣ ጠበቃ የጉዞ ወጪ ከእርስዎ ኪስ ይወጣል።

ደረጃ 5፦ በድርጅቱ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ይለዩ

ከአዋጅ ቁጥር 1249/2013 በፊት ጠበቆች ፈቃድ የሚያወጡት በግል ነበር፤ የጥብቅና ድርጅት በሕግ ሰውነት የመጣው በዚህ አዋጅ ነው። ስለዚህ በር ላይ «የሕግ ቢሮ» የሚል ታፔላ ማየት ብቻውን ድርጅት መኖሩን አያረጋግጥም። ሦስት ጠበቆች የቤት ኪራይ ተካፍለው የተቀመጡበት ሊሆን ይችላል። ይህ በራሱ ነውር የለውም፤ ውል የገቡለት ጠበቃ ሲታመም ወይም ከተማ ሲቀይር ግን አጠገቡ ያለው ሰው ስለ እርስዎ ጉዳይ ምንም ኃላፊነት የለበትም። «ውል የምገባው ከድርጅቱ ጋር ነው ወይስ ከእርስዎ ጋር?» ብለው ይጠይቁ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደሚሠራ ይወቁ። ሸሪኩ ደንበኛ ይቀበላል፣ ስልቱንም ይወስናል። አብዛኛውን ጽሑፍ የሚያዘጋጀውና ቀጠሮ የሚቀርበው ተቀጣሪው ጠበቃ ሊሆን ይችላል። ረዳቱ መዝገብ ያስመረምራል፣ ግልባጭ ያወጣል። ጉዳይ አስፈጻሚው ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ያደርሳል። ታዋቂውን ሸሪክ አይተው ውል ፈርመው፣ ችሎት ላይ የማያውቁት ወጣት ሲቀርብ መደንገጥ የሚመጣው ይህን ካለመጠየቅ ነው። ወጣቱ ጉዳዩን በሚገባ አንብቦት ከሆነ ከተጨናነቀው ሸሪክ የተሻለ ሊከራከርልዎት ይችላል፤ ስሙን ግን አስቀድመው ይወቁት፣ ያነጋግሩትም።

ፈቃድ የሌለው ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም ጉዳይ ገዳይ የሕግ ምክር ሲሰጥዎት ወይም «ለእገሌ የሚሰጥ» ብሎ ገንዘብ ሲጠይቅዎት እዚያው ላይ ይቁም።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያው ቀጠሮ

ሰነድዎን ከማሳየትዎ በፊት የተከራካሪዎን ስም ይናገሩና የጥቅም ግጭት መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ። አዳማ የሚተዋወቅ ነጋዴ ከተማ ነው፤ ያው ጠበቃ ለተከራካሪዎ ውል አርቅቆ ሊሆን ይችላል። በተለይ የማኅበር አባላት ሲጣሉ ይጠንቀቁ፦ መመሥረቻ ጽሑፉን ለሁላችሁ ያዘጋጀው ጠበቃ አሁን ለአንዳችሁ ብቻ ሊቆም አይገባም።

ግጭት ከሌለ እነዚህን ይጠይቁ፦

1. የእኔ ደካማ ጎን የቱ ነው?
2. በዚህ ነጥብ ላይ የሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም አለ? ይህ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ስለሚያስገድድ፣ ጠበቃው ባያስታውሰው እንኳ «አይቼ እመልስልዎታለሁ» ማለት ይገባዋል።
3. በዕርቅ ቢያልቅ ምን አገኛለሁ፣ በፍርድ ቢያልቅስ ማስፈጸም ይቻላል? ንብረት የሌለውን ሰው ረትቶ ፍርድ ይዞ መቀመጥ አለና።
4. ንብረቱ እንዳይሸሽ አሁን ዕግድ መጠየቅ አለብን?

«ይህ ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል መልስ ከሰሙ አቃፊዎን ሰብስበው ይውጡ። ከሁለት ሰው በላይ ማማከር ግን አልመክርም፤ አራተኛው ጋ ሲደርሱ የሚፈልጉት ምክር ሳይሆን የሚያስደስትዎት ሰው ይሆናል።

ደረጃ 7፦ የአገልግሎት ውል ይፈርሙ

በቃል አይስማሙ። ውሉ ላይ የሚከተሉት በግልጽ ይጻፉ፦ ሥራው የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ (ይግባኝ፣ ሰበርና አፈጻጸም፣ ማለትም ፍርዱን በተግባር ማስፈጸም፣ ይጨምራል ወይስ አይጨምርም?)፣ ማን እንደሚሠራው፣ ክፍያው ስንት እንደሆነና በየትኛው ደረጃ እንደሚከፈል፣ የዳኝነት ክፍያ፣ የትርጉምና የጉዞ ወጪ የማን እንደሆነ፣ ውሉ በመሃል ቢቋረጥ ሒሳቡ እንዴት እንደሚታሰብ።

የአፈጻጸም ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል። ደንበኛው «ረታሁ» ብሎ ሲደሰት ጠበቃው «የአፈጻጸሙ ክፍያ ሌላ ነው» ይላል፤ ሁለቱም ውሉን ሳያዩ ይጣላሉ።

ክፍያው በውጤት ላይ የተመሠረተ ከሆነ «ውጤት» ምን ማለት እንደሆነ ይጻፉ፦ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን ነው ወይስ ገንዘቡ እጅዎ የገባበት? ለከፈሉት ሁሉ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ደረጃ 8፦ ውክልናውን ቆጥረው ይስጡ

የአገልግሎት ውልና ውክልና ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 መሠረት መታረቅ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ ወይም ማስያዝ፣ ስለ ክርክር በፍርድ ቤት መቆምና የመሳሰሉት ልዩ ውክልና ይጠይቃሉ። ችግሩ የተዘጋጀው ቅጽ ብዙውን ጊዜ ሁሉንም በአንድ መስመር መደርደሩ ነው።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ቃላት ይፈልጉ፦ «መታረቅ»፣ «ገንዘብ መቀበል»፣ «ለሌላ ሰው ውክልና መስጠት»። ያለ እርስዎ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲደረጉ የማይፈልጓቸውን ያሰርዙ። ለመከራከር፣ ማስረጃ ለማቅረብ፣ ይግባኝ ለማለትና ግልባጭ ለማውጣት የሚያስፈልገው ይቅር። ጠበቃ ገንዘብ የሚቀበልበት ጊዜ አለ፤ ያ ከሆነ በስንት ቀን ውስጥ ወደየትኛው ሒሳብ እንደሚያስገባ የአገልግሎት ውሉ ላይ ይጻፉት።

ወካዩ ማኅበር ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ለመወከል ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየውን መመሥረቻ ጽሑፍ ወይም ቃለ ጉባኤ፣ የንግድ ምዝገባውንና መታወቂያውን ይዞ ይሂድ። የሥራ አስኪያጅ ለውጥ ንግድ መዝገብ ላይ ካልተመዘገበ ውክልናው እዚያው ይመለሳል፤ ይህ በቀጠሮ ዋዜማ ሲሆን ጭንቅ ነው። አስቀድመው ያስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ይከታተሉ

ከእያንዳንዱ ቀጠሮ በኋላ ሦስት ነገር በጽሑፍ ይጠይቁ፦ ምን ታዘዘ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ከእኔ ምን ይፈለጋል? አጭር የስልክ መልእክት ይበቃል። የመዝገብ ቁጥሩን ራሱ ባለጉዳዩ ይያዝ። ጠበቃው ለሁለት ሳምንት ካልመለሰልዎት ሬጅስትራር ሄደው መዝገቡን ራስዎ ያስመርምሩ።

ደረጃ 10፦ መለያየት ከመጣ

ውክልና በማንኛውም ጊዜ ሊሻር ይችላል፤ የሚያበላሸው ግን የአሻሻሩ ተራ ነው። በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ፦

1. ቀጣዩን ቀጠሮና የሚያልፍ ቀን ካለ ያጣሩ። በሚቀጥሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ የሚቀርብ ጽሑፍ ካለ መጀመሪያ እርሱ ይግባ።
2. አዲሱን ጠበቃ ይያዙ፣ አዲሱን ውክልናም ያዘጋጁ።
3. ለቀድሞው ጠበቃ ውሉ መቋረጡንና ሒሳብ እንዲወራረድ በደብዳቤ ይግለጹ።
4. ዋና ሰነዶችዎን ሲያስረክቡ በተፈራረማችሁት ዝርዝር መሠረት አንድ በአንድ ይረከቡ።
5. ውክልናውን ባረጋገጠው ጽሕፈት ቤት ያስሽሩ፣ የመሻሪያውንም ቅጂ መዝገቡ ለሚገኝበት ችሎት ያስገቡ። ይህን ካላደረጉ ፍርድ ቤቱ መጥሪያውንና ትእዛዙን ለቀድሞው ጠበቃ መስጠቱን ይቀጥላል።

ጠበቃው በክፍያ ክርክር ምክንያት ሰነድ አልመልስም ካለ በጽሑፍ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ከዚያ ፈቃዱን ለሰጠው አካል አቤቱታ ያቅርቡ። በመሃል ጉዳዩ እንዳይቆም ፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ የገቡትን ሰነዶች የተረጋገጠ ግልባጭ አውጥተው ለአዲሱ ጠበቃ ይስጡት።